አጥሚት ይዘን ወደ ጆይስ ፈፋ

ያኔ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ሜልቦርን ውስጥ ቢሮ በማጽዳት የጀመርኩት ኑሮ ዞሮ ዞሮ ካጸዳኋቸው ቢሮዎች በአንዱ ወንበር ሰጥቶኛል። መሥሪያ ቤቱ ጫካና አውሬ የሚጠብቅ ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። የእኔ ሥራ ደግሞ፣ ለአገሬ ሰው ማስረዳቱ እስከ ዛሬ ይከብደኛል፣ ሰዎች ሲያልፉ ካላቸው ላይ ለጫካው የሚሆን ነገር በኑዛዜያቸው እንዲተዉ ማነጋገር ነው። እንግሊዝኛውን የለቀምኩት ከሬዲዮና ከፊትዝሮይ ቤተ መጻሕፍት ነው። ወሬውን ግን ማንም አላስተማረኝም፤ ሳልጠየቅም አወራለሁ።

የአክስቴ ልጅ ሙሉጌታ ታክሲ ነጂ ነው። ለሥራዬ ስም አውጥቶለታል፤ «የሞት ደላላ» ይለኛል። ሰርግ ላይ ሳይቀር «ተዋወቋት፣ እህቴ ናት፣ የሞት ደላላ» እያለ ከሰው ያስተዋውቀኛል። ሰውም ይስቅና ቀስ ብሎ ወንበሩን ይለውጣል።

እዚህ የምጽፈው በፈረንጆቹ 2010ዎቹ አጋማሽ፣ በአንድ የጸደይ ማክሰኞ ስላደረግነው የአንድ ቀን መንገድ ነው። ምክንያቱ ጆይስ ነበረች። ጆይስ ከሜልቦርን በስተምሥራቅ፣ ጊፕስላንድ ኮረብታዎች ውስጥ ብቻዋን የምትኖር፣ ሰማንያን ያለፈች ሴት ናት። መሬቷ ላይ አንድ ፈፋ አለ፤ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኝ፣ ከሰው ክንድ የሚረዝም የመሬት ትል የሚኖርበት እርጥብ ፈፋ። ያን ፈፋ በኑዛዜዋ ለድርጅታችን ትታልን ነበር። እሷን ይጠይቅ የነበረው ባልደረባችን ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን ማንም ሄዶ አላያትም፤ ስልክ ብቻ እንደውልላት ነበር። ከዚያ ማክሰኞ በፊት በነበረው ሳምንት ራሷ ደወለች። «ኑዛዜዬን ልለውጥ ነው» አለች። «ፈፋውን ድንች የሚያመርተው ጎረቤቴ ይገዛኛል። ምክንያቱን ግን በስልክ አልናገርም፣ ሰው ላኩ።»

ጎረቤቷ ከገዛው ውሃውን አንጠፍጥፎ ያርሰዋል። ሲደርቅ ትሉ ያልቃል። መሬቱ የእሷ ነው፣ ማንም አይከለክላትም። አለቃዬ «የቻልሽውን አድርጊ» ብላ ሰደደችኝ።

ጎህ ሲቀድ፣ ፊትዝሮይ

የቢሮው መኪና ጋራዥ ገብቷል፣ ባቡሩም እሷ ቤት ድረስ አይሄድም። እኔ ደግሞ መንጃ ፈቃድ ይኑረኝ እንጂ ፍሪዌይ በሚሉት ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ መንዳት እፈራለሁ። ሙሉጌታ «ኦፍ ነኝ፣ ሥራ የለኝም፣ እወስድሻለሁ» ካለኝ በኋላ፣ ማታ እናቱ እትዬ ብርቄ ደወሉልኝ። የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ እዚሁ ፊትዝሮይ፣ ከእኔ ሕንፃ ጎን ባለው ፎቅ ይኖራሉ።

«የት ነው የምትሄዱት?» አሉኝ።

«አንዲት ትልቅ ሴት ጋ ነው። ኑዛዜዋን በተመለከተ ትፈልገኛለች።»

«ወይኔ! ብቻዋን ናት?»

«ብቻዋን ናት፣ ልጅም የላት።»

«እመጣለሁ» አሉና ስልኩን ዘጉት።

እኔ መቼም ወጣ ብለው ነፋስ መቀበል አማራቸው ብዬ ነው የተረዳሁት።

አሁን ሰማዩ ገና ግራጫ ነው። ከፎቆቹ ሥር መኪና ማቆሚያው ውስጥ ማግፓይ የሚሉት ጥቁርና ነጭ ወፍ ዋሽንት በመሰለ ድምፅ ይዘፍናል። ሙሉጌታ ከኖርዝ ሜልቦርን በቢጫ ታክሲው ደርሷል፤ ሞተሩን ሳያጠፋ ቡናውን ከወረቀት ኩባያ ይጠጣል። እትዬ ብርቄ ከሊፍቱ ወጡ። ንጹሕ ነጭ ነጠላ፣ ጥለቱ ወደ ታች፣ ጥቁር ጫማ፣ በእጃቸው ከባድ ዘንቢል።

«እማዬ፣ ምን ጭነሽ ነው?» አለ ሙሉጌታ።

«ለሰው ቤት የሚያዝ ነገር ነዋ። አንተ መሪህን ያዝ።»

ዘንቢሉን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ሊያስቀምጠው ቢልም እምቢ አሉ። ጭናቸው ላይ አቅፈውት ተቀመጡ፤ ሆድል ስትሪት ላይ መብራት በያዘን ቁጥር በእጃቸው ይዳብሱታል።

ጠዋት፣ ዳንደኖንግ

ሞናሽ ፍሪዌይ በጠዋት መንገድ መሆኑ ቀርቶ ሰልፍ ይሆናል። ወደ ከተማ የሚገባው ወገን ቆሟል፤ እኛ በተቃራኒው እንበራለን። ሙሉጌታ በቆሙት እየሳቀ «አየሽ፣ ወደ ሞት ሲኬድ መንገዱ ክፍት ነው» አለኝ። እናቱ ከኋላ ትከሻውን በመዳፋቸው ቸብ አደረጉት። «አፍህን! ዛሬ እንዲህ ያለ ቀልድ አይቀለድም።»

ዳንደኖንግ ገበያ ቁርስ ልንበላ ቆምን። ይህን ገበያ እወደዋለሁ። አንዱ ጥግ ዓሣ፣ አንዱ ጥግ የሕፃን ካልሲ፣ የአፍጋኖች ረጅም ዳቦ ከምድጃ እየወጣ፣ የቬትናሞች ዕፅዋት ተከምሮ፣ አንድ ሽማግሌ ግሪክ ወይራ ፍሬ እያስቀመሰ። ትኩሱን ዳቦ ቆርሰን ከሻይ ጋር ቆመን በላን፤ ሦስታችንም በአምስት ዶላር ጠገብን።

እትዬ ብርቄ ማር ፍለጋ ሄዱ። አንዱን ጣታቸው ላይ ቀመሱና «ይሄ ስኳር ነው» ብለው በአማርኛ መለሱለት፤ ሻጩም የገባው ይመስል ሌላ ማሰሮ አወጣ። ሁለተኛውን ቀምሰው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ የተጠየቁትን ከፍለው መጡ።

ይሄኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። እትዬ ብርቄ በሕይወታቸው ዋጋ ሳይከራከሩ ገዝተው አያውቁም። በሱፐርማርኬት ውስጥ እንኳን ከገንዘብ ተቀባይዋ ጋር ይከራከራሉ። ሙሉጌታም ገርሞት «እማዬ ታመሻል እንዴ?» አላቸው።

«እኔማ ደህና ነኝ፣ ይመስገነው» አሉና ማሩን ዘንቢል ውስጥ ከተቱ።

ረፋድ፣ ከዋራጉል በስተደቡብ

ከተማው ቀስ እያለ ይሳሳል። መጋዘን፣ የመኪና መሸጫ፣ ከዚያ አጥር፣ ከዚያ ላም። ድሩዊንና ዋራጉል የሚባሉትን ትንንሽ ከተሞች አልፈን ወደ ደቡብ ስንታጠፍ መንገዱ ጠበበ፤ ኮረብታው እንደ ተነፋ አረንጓዴ ትራስ ተደራረበ። ዋትል የሚባለው ዛፍ ቢጫ አበባውን አራግፎ ሊጨርስ ነው። ዝናብ ሌሊቱን ጥሏል፣ አስፋልቱ ይተናል። እትዬ ብርቄ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ውጪውን ያያሉ። እኔ ግን የምናገረውን በልቤ እለማመዳለሁ።

ቢሮ ውስጥ ሥልጠና ሰጥተውናል። ሰውዬው ይናገር፣ አንቺ ስሚ። አትቸኩይ። «ሞት» የሚለውን ቃል እሱ ሳያነሳ አታንሺ። ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ። ግን አይበቃም፤ ጆይስ ብትናደድ እውነት አላት። ረስተናታል።

የብረት በሩን ከፍተን ጠጠር መንገዱን ስንወጣ ጣራው የዛገ፣ በረንዳው ሰፊ የእንጨት ቤት አገኘን። ሙሉጌታ ሞተሩን አጠፋ። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አማትበው፣ ቀስ ብለው ወረዱ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው «ጫማ ውጪ ይወለቃል?» አሉኝ።

በዚህ መሃል ከፈፋው አቅጣጫ አንዲት ሴት ዶማ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ዳገቱን ስትወጣ አየን። የላስቲክ ቦት ጫማ እስከ ጉልበት፣ ጭቃ እስከ ወገብ፣ ነጭ ፀጉሯ በወንድ ባርኔጣ ሥር። ትንፋሿ እንኳ አልተቆራረጠም።

«ጆይስ ነኝ» አለች። «ሚስስ የሚለውን ለባንክ ተዉት።» ስለዚህ እኔም ስጽፍ አንቱ አልላትም፤ ራሷ ከልክላኛለች።

እጅ ተጨባበጥን። እትዬ ብርቄ ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጡ፣ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው በሹክሹክታ፦

«የታመሙት ሴትዮ የት ነው የተኙት?»

ቀትር፣ የጆይስ ማእድ ቤት

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። እኛ አገር ኑዛዜ የሚነገረው መቼ እንደሆነ ማን ያጣዋል? የእትዬ ብርቄ አባት፣ የእኔ አያት፣ የንስሐ አባታቸውንና ሽማግሌዎችን አስጠርተው የተናዘዙ ለታ ሌሊቱ ሳይነጋ ዐረፉ። ስለዚህ እሳቸው «ኑዛዜ» ብዬ ስነግራቸው የሰሙት አንድ ነገር ነው፤ ልጅ የሌላት ሴት፣ በሰው አገር፣ ብቻዋን፣ ጣር ይዟታል። ገበያ ላይም ያልተከራከሩት ለበሽተኛ በሚገዛ ነገር ላይ ስለማይከራከሩ ነው።

«ጆይስ የምትባለው ይቺው ናት» ከማለት በቀር ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም። ጆይስ ቦት ጫማዋን በረንዳው ላይ አውልቃ ወደ ውስጥ አስገባችን። የእንጨት ምድጃ ይነዳል፣ መስኮቱ ላይ የሎሚ ችግኝ በቆርቆሮ ተተክሏል። አስቀመጠችንና እሷ ቆመች።

«ሻይ ከማቅረቤ በፊት የምለውን ልበል» አለች ወደ እኔ እያየች። «የእናንተ ሰዎች በልደቴ ካርድ ይልካሉ። በየጊዜው ስልክ ይደውላሉ። ‹ጤናሽ እንዴት ነው ጆይስ?› ይሉኛል። ሞኝ አይደለሁም። ጤናዬን የሚጠይቁኝ መቼ እንደምሞት ለማወቅ ነው። የእኔን ሞት ተቀምጦ ለሚጠብቅ ሰው ፈፋዬን አልሰጥም። ጎረቤቴ ቢያንስ ‹ሽጪልኝ› ብሎ ፊት ለፊት ይጠይቀኛል።»

የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝ። ሙሉጌታ ጣራ ጣራውን ያያል።

እትዬ ብርቄ ከተባለው አንድ ቃል አልያዙም፤ የያዙት ሴትዮዋ ቆማ እየተናገረች ፊቷ መቅላቱን ብቻ ነው። ዘንቢሉን ጠረጴዛ ላይ አወጡ። ከውስጡ አሮጌ ቀይ ፔርሙዝ ወጣ፣ ከዚያ ማሩ፣ ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለ ሲኒ። ፔርሙዙን ፈቱት። የአጃ አጥሚት ሽታ፣ ቅቤው፣ ቅርንፉዱ፣ ቤቱን ሞላው። በማንኪያ ማር ጨመሩበት፣ አማሰሉት፣ ተነሥተው በሁለት እጃቸው ለጆይስ አቀረቡላት።

«ይጠጡ፣ እትዬ ጆይስ። ሙቅ ነው፣ ያበረታል።»

ጆይስ ሲኒውን ተቀብላ አየችኝ። «ምንድን ነው?»

«የባህል መጠጥ ነው» ማለት እችል ነበር። ውሸትም አይሆንም። ፊቷን ሳየው ግን ይቺ ሴት ከእኛ በኩል የተለሳለሰ ወሬ በቃት አልኩ።

«አጥሚት ይባላል» አልኳት። «እኛ አገር ለበሽተኛና ለአራስ የሚሠራ ነው። አክስቴ እየሞትሽ ነው ብለው አስበዋል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ‹ኑዛዜ› አልኳቸው። እኛ ዘንድ ኑዛዜ የሚናገር ሰው ሊሞት የተቃረበ ነው።»

ጆይስ ወደ ሲኒው፣ ከዚያ ወደ እትዬ ብርቄ አየች።

«እየሞትኩ መስሏት?»

«አዎ።»

«እና ይሄን ያመጣችው...»

«እንዳትሞቺ ነዋ» አለ ሙሉጌታ ሳይታሰብ፣ ከዚያ በእጁ አፉን ያዘ።

እትዬ ብርቄ እጄን ጎተቱ። «ምን አለች? አልወደደችውም? ቅቤው በዛ?»

ጆይስ መጀመሪያ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ባርኔጣዋን አወለቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ አጥሚቱን አንዴ ተጎነጨች፣ ደገመች፣ ሲኒውን እስከ ታች ጨረሰችው።

«ከእናንተ መሥሪያ ቤት እንዳልሞት ፈልጎ የመጣ ሰው ይቺ የመጀመሪያዋ ናት» አለች።

«እሳቸው የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኛ አይደሉም» አልኳት።

«ቅጠሯታ!»

ይህን ስተረጉምላቸው እትዬ ብርቄ በጣም አሰቡበት። «የሥራው ሺፍት ከጠዋት ከሆነ አልችልም በያት» አሉ፣ ሁለተኛ ሲኒ እየቀዱ።

ከሰዓት፣ ፈፋው

ጆይስ ለሁላችንም ቦት ጫማ ሰጠችን። ለእትዬ ብርቄ የራሷን ትርፍ አመጣችላቸው፤ ልክ ሆነ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸርጠው ሙሉጌታን ተደግፈው ወረዱ።

ፈፋው ጠባብ ነው። ከላይ ፈርን የሚሉት፣ ቅጠሉ ጃንጥላ የመሰለ ዛፍ፣ ከታች ቀጭን ውሃ፣ በጎንና በጎኑ የረጠበ ሸክላ አፈር። ብርሃኑ ራሱ አረንጓዴ ነው። ጆይስ ስትጠጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ባሏ በሕይወት ሳለ እሱና እሷ ከብት እንዳይገባበት ያጠሩት ነው፤ ጠዋትም ዶማ ይዛ የነበረው የወደቀ አጥር ለማቆም ነበር።

«አሁን መሬቱን በእግራችሁ ምቱ» አለችን።

መታን። ከእግራችን ሥር፣ ከመሬት ውስጥ፣ «ጉልልል... ቡልቅ» የሚል ድምፅ መጣ።

እትዬ ብርቄ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሙሌ! ቁርስ አልበላህም እንዴ?»

«እኔ አይደለሁም እማዬ!»

ድምፁ ደገመ። ትሉ በውሃ በተሞላ ጉድጓዱ ውስጥ ሲሳብ የሚያሰማው ነው ብዬ አስረዳኋቸው። ከክንድ ይረዝማል፣ የሚኖረው እዚህ አካባቢ ብቻ ነው፣ አፈሩ ከደረቀ ይሞታል። እትዬ ብርቄ ቀስ ብለው ከቆሙበት ወደ ድንጋዩ ፈቀቅ አሉ፣ ሰው የተኛበት ቤት ውስጥ እንዳሉ ሁሉ።

«እንደ ደብር ግቢ ነው» አሉኝ። «እኛ ጋ የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ማን ይቆርጣል? ለእሷ ንገሪያት። ደግሞ ጠይቂያት፤ እሷ ስትደክም ይህን ማን ይጠብቅላታል?»

ይህን ጥያቄ እንዳልጠይቅ ቀኑን ሙሉ ስጠነቀቅ ነበር። ተረጎምኩት።

ጆይስ ከፈርኑ ላይ የደረቀ ቅጠል ሰበረች።

«ጎረቤቴ ክፉ ሰው አይደለም» አለች። «ግን ለእሱ ይሄ ረግረግ ነው። ድንቹን ይተክላል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «በእናንተ ስም እንዳለ ይቆይ። አልለውጠውም። አንድ ነገር ግን አለ። ጤናዬን በስልክ አትጠይቁኝ። መጥታችሁ እዩኝ። ስትመጡም ስለ ኑዛዜ አንድ ቃል አልሰማም። እሷንም ይዘሻት ነይ።»

«እሺ» አልኩ። ሙሉጌታ በመሃሉ መሬቱን በእግሩ አንዴ መታና «ጉልልል» ሲልለት እንደ ሕፃን ሳቀ።

አመሻሽ፣ ወደ ቤት

ጆይስ ጭናን ነው የሸኘችን፤ እንቁላል፣ ቆስጣ፣ አንድ ትልቅ ዱባ። ፔርሙዙ ግማሹ ስላልተጠጣ እትዬ ብርቄ እዚያው ተዉት። «ማታ አሙቃ ትጠጣው። ዕቃ ሲመለስ ደግሞ ባዶውን አይመለስም በያት፣ ባህላችንን ትወቀው።» ነገርኳት። ጆይስ ትምህርት ቤት እንዳለች ልጅ «ባዶውን አይመለስም» እያለች በእንግሊዝኛ ደጋገመችው።

ፀሐይ ፊት ለፊት ናት፤ ወደ ሜልቦርን ስንቀርብ ሕንፃዎቹ ከሩቅ ጥቁር ጥርስ ይመስላሉ።

«ሥራሽ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው?» አለኝ ሙሉጌታ።

«ሁልጊዜማ አይደለም።»

«ደላላነትሽን ግን አልተውልሽም። ደላላ ነሽ። ኮሚሽን የሌለሽ ደላላ።»

«ዱባው ኮሚሽኗ ነው» አሉ እትዬ ብርቄ ከኋላ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

ዳንደኖንግን ስናልፍ መብራቶቹ በርተዋል። ከኋላ ማንኮራፋት ተሰማ። እኔ መስኮቱን ደግፌ አመሰገንኩ። ማጽጃ ይዤ በገባሁበት ቢሮ ወንበር የሰጠኝን አመሰገንኩ፤ ሳልጠራቸው የመጡትን አክስቴን፣ ኦፍ ቀኑን የሰዋልኝን ወንድሜን፣ ተናዳም ቢሆን ፊት ለፊት ልናገር ያለችውን ጆይስን። ያን ቀን ሥራዬን የሠራልኝ አንድ ፔርሙዝ አጥሚት ነው፤ ለአለቃዬ በሪፖርት ላይ እንዴት እንደምጽፈው ግን አላወቅሁም። «ተሳክቷል» ብዬ ብቻ ጻፍኩ።

ከዚያ ወዲያ በየወቅቱ እንሄድ ነበር። ቀዩ ፔርሙዝ ከፊትዝሮይ አጥሚት ይዞ ይሄዳል፣ ከጊፕስላንድ ሌላ ነገር ይዞ ይመለሳል፤ አንዴ የዱባ ሾርባ፣ አንዴ የእንጆሪ ማርመላታ፣ አንዴ ደግሞ ጆይስ ምንም ስታጣ የአትክልት ቦታዋን አበባ ሞልታበት። እትዬ ብርቄና እሷ የጋራ ቋንቋ ሳይኖራቸው ያወራሉ። እኔ ለማስተርጎም ስነሣ «ተቀመጪ፣ ገብቶናል» ይሉኛል።

ጆይስ ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ በክረምት፣ አልጋዋ ላይ አረፈች። ፈፋው እንዳለችው ወደ እኛ መጣ። አጥሩን አድሰናል፣ ውሃው ይወርዳል፣ በእግር ሲመታ መሬቱ ዛሬም ይንቦጫቦጫል።

በአርባኛው ቀን እትዬ ብርቄ ማለዳ ተነሥተው አጥሚት ሠሩ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ሙሉጌታን አስነድተው፣ እኔንም ይዘው ሄዱ። የድንቹ ጎረቤት ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጥቶ ነበር። ፈፋው አፍ ላይ ቆመን እትዬ ብርቄ ለእያንዳንዳችን ቀዱልን፤ ለጎረቤትየውም ቀዱለት፣ ጠጣ። ሲያልቅ ፔርሙዙን በወራጁ ውሃ አለቀለቁት፣ ክዳኑን ገጠሙት፣ ባዶውን ይዘውት ወደ ፊትዝሮይ ተመለሱ።